ጠመንጃውን ማን ያዘው?

በታሪክ ፊልም ውስጥ ስለሚታይ ጠመንጃ ጥያቄ ያነሳ ሰው የሚያገኘው መልስ የትም አገር አንድ ነው። ተመልካች የሚያለቅሰው ለሰውየው ነው ይሉታል፤ ጠመንጃው የ1870 ሥሪት ይሁን የ1890 ማን ልብ ይለዋል? ልብ የሚሉት የመሣሪያ ፍቅር ያለባቸው ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ለእነሱ ተብሎ ደግሞ ፊልም አይሠራም፣ ዋናው ስሜቱ ነው። ይህን የሚሉት ፕሮዲዩሰሮች ብቻ ቢሆኑ የገንዘብ ጉዳይ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን የፊልም ሐያስያንም ይሉታል፤ ታሪክ የተማሩ ሰዎችም ይስማሙበታል። ስለ ቀሚሱ ጥልፍ፣ ስለ ሹሩባው አሠራር፣ ስለ አነጋገሩ ወግ አጥብቆ የሚከራከር ሰው ጠመንጃው ጋ ሲደርስ «እሱ እንኳ ግድ የለም» ይላል።

ግድ አለው። የምከራከረውም ለብረቱ ብዬ አይደለም። ጠመንጃው የተሳሳተበት ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ሰውየውንም ስቶታል፤ እንባችንን የሚጠይቀንም ላልነበረ ሰው ነው።

ነገሩን ከጊዜ ልጀምር። በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ የያዘ ወታደር አንዴ ከተኮሰ በኋላ ባሩዱን ያፈስሳል፣ አረሩን ይከትታል፣ በዘንግ እየጠቀጠቀ ወደ ታች ይገፋል፣ ዘንጉን ወደ ቦታው ይመልሳል፣ መለኮሻውን ያኖራል፤ እንደገና የሚያነጣጥረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በደንብ የሠለጠነ ሰው ይህን በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል ይሠራዋል። በአንድ ተኩስና በሌላው መካከል እንግዲህ ወደ 20 ሰከንድ የሚጠጋ ጊዜ ባዶ እጁን ነው ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚጋልብ ፈረሰኛ ከ150 ሜትር በላይ ይቀርበዋል። ወታደሩ ፈረሱን እያየ፣ አጠገቡ የወደቀውን ሰው ጩኸት እየሰማ፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ባሩድ መስፈር አለበት። የዚያ ዘመን ወታደር ጀግንነት ያለው በእነዚያ 20 ሰከንዶች ውስጥ ነው። ተኩስ ከተኩስ እያስከተለ የሚያሳየን ፊልም ሰውየው ያሸነፈውን ፍርሃት ደብቆብናል፤ ያሸነፈው ነገር ካልታየ ደግሞ ድሉ ምን እንደሆነ አናውቅም።

በ1989 የወጣው «ግሎሪ» ይህን በሚገባ የተረዳ ፊልም ነው። (የውጭ አገሩን ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ታሪኩ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ስለተዋጋው የ54ኛው ማሳቹሴትስ ሬጅመንት ጥቁር ወታደሮች ነው። አንድ ምልምል ኢላማውን መትቶ ጓደኞቹ ሲያደንቁት ኮሎኔል ሮበርት ጉልድ ሾው ይመጣና እንደገና አጉርስ ይለዋል። ልጁ ማጉረስ ሲጀምር ኮሎኔሉ ሽጉጡን አውጥቶ ከጆሮው ሥር ይተኩስበታል፤ ፍጠን እያለ ይጮኽበታል። የልጁ እጅ ይርዳል፣ ሥራው ይበላሽበታል፣ የሚያደንቁት ሁሉ ዝም ይላሉ። ማንም ሳያስተምረን ትምህርቱ ይገባናል። ከዚያ ወዲያ፣ በሐምሌ 1863 በዋግነር ምሽግ ላይ እስከሚደረገው የመጨረሻ ጥቃት ድረስ፣ አንድ ተኩስ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው እያወቅን ነው የምናየው። የዚህ ትዕይንት ኃይል ሙሉ በሙሉ የመጣው ጠመንጃው ምን ያደርግና ምን አያደርግ እንደነበር አዘጋጁ በማወቁ ነው። በዚያ ልጅ እጅ ላይ ደጋግሞ የሚተኩስ መሣሪያ ቢሰጠው ትዕይንቱ አይኖርም።

አዘጋጁ ኤድዋርድ ዝዊክ ነበር። ይኸው ሰው በ2003 ያንኑ ትዕይንት ወደ ጃፓን ወስዶ «ዘ ላስት ሳሙራይ» ውስጥ ደገመው፤ አሜሪካዊው መኮንን ምልምሉን ተኩስብኝ እያለ በሽጉጥ ያስደነግጠዋል። ዝዊክ እንግዲህ ጠመንጃ ያውቃል። በዚሁ ፊልም የሠራው ሐሰት የሚያስቆጨኝም ከዚህ የተነሳ ነው።

የፊልሙ ዐመፀኛ አለቃ ካትሱሞቶ የተቀረጸው በሳይጎ ታካሞሪ ነው። ሳይጎ በ1877 በደቡብ ጃፓን በሳትሱማ ተነስቶ የሜጂን መንግሥት የወጋ ታላቅ ሰው ነበር። በፊልሙ ውስጥ እሱና ተከታዮቹ ጠመንጃ መያዝን እንደ ነውር ቆጥረው በሰይፍ፣ በቀስትና በጦር ብቻ ይዋጋሉ፤ መጨረሻ ላይ በፈረስ ሆነው ወደ ጋትሊንግ መትረየስ ይጋልባሉ፤ ያልቃሉ። ተመልካቹ ያለቅሳል። እውነተኛው ዐመፅ ግን የፈነዳው በጥይት ጉዳይ ነው። መንግሥት በካጎሺማ የነበረውን የጦር መሣሪያና ጥይት በመርከብ ሊያሸሽ ሲል የሳይጎ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ግምጃ ቤቶቹን ሰብረው ዘረፉ፤ ጦርነቱ ከዚያ መጣ። የሳይጎ ሰዎች ጠመንጃ ነበራቸው፣ መድፍም ነበራቸው። በታባሩዛካ ኮረብታ ላይ በተደረገው ውጊያ ከሁለቱም ወገን የተተኮሰው ጥይት ከመብዛቱ የተነሳ አየር ላይ ተጋጭተው የተጣበቁ አረሮች ተገኝተዋል፤ በሥፍራው ባለው ሙዚየም ይታያሉ። በዚያ ላይ ዝናብ ነበር። የመንግሥቱ ወታደሮች ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ሲይዙ፣ ከሳትሱማዎቹ ብዙዎቹ የያዙት በአፈሙዙ የሚጎርሰውን ኤንፊልድ ነበር፤ ዝናብ ደግሞ ባሩድን ያበሰብሳል።

አሁን ይህን ከፊልሙ ጋር አስተያዩት። በመስከረም 24 ቀን 1877 በሺሮያማ ኮረብታ ላይ የቀሩት ጥቂት መቶ ሰዎች እውነትም ሰይፍ መዝዘው ወርደዋል። ያን ጊዜ ግን ጥይታቸው እያለቀ ነበር። የፊልሙ ሰው ሰይፍ የሚመዝዘው ጠመንጃን በመናቁ ነው፤ የታሪኩ ሰው የመዘዘው ለስምንት ወር ያህል በጠመንጃ ከተዋጋ በኋላ ሌላ ነገር ስላልቀረው ነው። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። አንደኛው ዘመኑን የሚሸሽ ህልመኛ ነው። ሁለተኛው ዘመኑ የገባው፣ መሣሪያውን የዘረፈ፣ የተኮሰ፣ ዝናብ የመታው፣ ስንቅና ጥይት አጥቶ የተሸነፈ የጦር መሪ ነው። ጃፓኖች ጠመንጃን ከፖርቱጋሎች ያዩት በ1543 ነው፤ በ1575 በናጋሺኖ ጦር ሜዳ በብዛት ተጠቅመውበታል። ከዚያ 300 ዓመት በኋላ የተነሳን የጃፓን ተዋጊ ባሩድ እንግዳ የሆነበት ሰው አድርጎ ማቅረብ የመሣሪያ ሞዴል ስህተት ነው ልንል አንችልም። የአንድን ሕዝብ አእምሮ መቀነስ ነው።

ተመሳሳይ ነገር በ1964 በወጣው «ዙሉ» ላይ አለ። ፊልሙን እወደዋለሁ፤ በጥር 1879 በሮርክስ ድሪፍት 150 የሚያህሉ የእንግሊዝ ወታደሮች ከ3 እስከ 4 ሺህ የሚገመት የዙሉ ጦር እንዴት እንደመከቱ በሚያስደንቅ ጥንቃቄ ያሳያል። የመሣሪያ አዋቂዎች በዚህ ፊልም ላይ የሚያነሱት ነቀፋ የታወቀ ነው፤ ማርቲኒ ሄንሪ መያዝ የነበረባቸው አንዳንድ ተዋናዮች ገና ያልተሠራውን ሊ ኤንፊልድ ይዘው ይታያሉ፤ የመኮንኖቹ ሽጉጥም የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሽጉጥ ነው። እኔ ይህን እተወዋለሁ። በቂ ማርቲኒ ሄንሪ አላገኙም፣ ከኋላ ለቆሙት ሌላ ሰጡ፣ አለቀ።

የማልተወው ሌላውን ነው። በፊልሙ ውስጥ ዙሉዎቹ ከኮረብታው ላይ የሚተኩሱት በዚያው ዕለት በኢሳንድልዋና ከሞቱት እንግሊዞች በማረኩት ማርቲኒ ሄንሪ እንደሆነ ይነገረናል። ሮርክስ ድሪፍትን ያጠቃው ጦር ግን በኢሳንድልዋና በተጠባባቂነት የቆየው ክፍል ነበር፤ የሬሳውን ጠመንጃ የገፈፉት ሌሎች ናቸው። ከኮረብታው የተኮሱት ሰዎች የያዙት የራሳቸውን አሮጌ ጠመንጃ ነበር፤ ከጦርነቱ በፊት ለዓመታት በዴላጎዋ የባሕር ወሽመጥ በኩል በንግድ ወደ አገራቸው ከገቡት በሺህ የሚቆጠሩ ጠመንጃዎች ውስጥ የተገኘ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ፊልሙ ምን እንዳደረገ ልብ በሉ፤ ዙሉው ጠመንጃ የሚይዘው ከነጭ ሬሳ ላይ ሲያነሳ ብቻ ነው። የገዛ፣ የተደራደረ፣ አገሩን ለማስታጠቅ ያሰበ መንግሥት ከታሪኩ ወጣ። ለሞዴሉ ስህተት የሚጮኹት አዋቂዎች ይህን ብዙም አያነሱትም፤ «ዋናው ስሜቱ ነው» የሚሉትም አያነሱትም። ሁለቱም ወገኖች ጠመንጃን እንደ ዕቃ ብቻ ነው የሚያዩት።

ስለዚህ የምጠይቀው ትክክለኛነት የትኛው እንደሆነ እዚህ ላይ ግልጽ ላድርግ። ጆን ዌይን በ1939ኙ «ስቴጅኮች» ውስጥ ታሪኩ በ1880 ገደማ ሆኖ ሳለ የ1892 ዊንቸስተር ይዞ ይታያል። ታሪኩ በ1862 በሚካሄደው የሰርጂዮ ሊዮኔ «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዘ አግሊ» ውስጥ ደግሞ ሽጉጦቹ ቀለህ ያለው ጥይት ይጎርሳሉ፤ እንዲያ ያሉ ትላልቅ ሽጉጦች ገና አሥር ዓመት ያህል ይቀራቸው ነበር። የመጀመሪያው ብዙም አያስከፋኝም፤ ደጋግሞ የሚተኩስ ዊንቸስተር በ1880 ነበረ፣ የሰውየው አኗኗር አልተለወጠም። ሁለተኛው ይከብዳል፤ በዚያ ዘመን ሽጉጥን እንደገና ማጉረስ አድካሚና ጊዜ የሚፈጅ ሥራ ስለነበር ስድስቱን ጥይት የጨረሰ ሰው ምን ያህል የተጋለጠ እንደሆነ ፊልሙ ሰውሮብናል። ሚዛኔ ይህ ነው፤ መሣሪያው የሚያደርገውንና የማያደርገውን፣ የያዘውንም ሰው ከየት እንዳመጣው ፊልሙ በትክክል ካሳየኝ በብረቱ ላይ ስለተጻፈው ቁጥር አልከራከርም።

ይህ ሚዛን ከጠፋ የጥንት ሰው ሞኝ ይመስላል። የ18ኛው መቶ ዘመን ወታደሮች ቀይ ኮት ለብሰው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ከበሮ እየተመታ ወደ ጠላት ሲሄዱ የሚያይ ወጣት ሁልጊዜ ይስቃል፤ ለምን አይተኙም፣ ለምን አይደበቁም ይላል። ውስጡ ለስላሳ የሆነው የዚያ ዘመን ጠመንጃ ከ100 ሜትር ባለፈ ርቀት አንድን ሰው ለይቶ መምታት እንደማይሆንለት ማንም አላሳየውማ። አንዱ ብቻውን ስለማይመታ መቶው አብሮ ይተኩሳል፤ መቶው አብሮ እንዲተኩስ ጎን ለጎን መቆም አለበት፤ ቆሞ ካልሆነ ደግሞ በአፈሙዝ ማጉረስ ይከብዳል። ስታንሊ ኩብሪክ በ1975 በሠራው «ባሪ ሊንደን» ውስጥ ሰልፉ እየተራመደ፣ ሰው እየወደቀ፣ የወደቀውን እየተሻገረ ሲሄድ ማንም አይስቅም፤ የእሩምታው ርቀትና ጊዜ በትክክል ስለተቀመጠ ሰልፉ ትርጉም አለው። በዚያው ፊልም መጨረሻ አካባቢ ባለው የሁለት ሰዎች ፍልሚያ የወጣቱ ሽጉጥ ቃታውን ሲያነሳ ሳያስበው ይፈነዳበታል፤ በደንቡ መሠረት አሁን ተራው የተቃዋሚው ነው፤ ወጣቱ ቆሞ መጠበቅ አለበት። ልጁ ያስመልሰዋል። ይህን ያህል ፍርሃት ከአንድ የከሸፈ ሽጉጥ ሲወጣ ሌላ የትም አላየሁም። በሌላ ፊልም ግን የ1750 ሙስኬት በ300 ሜትር ላይ የሰው ግንባር ሲበሳ እናያለን፤ ከዚያ በኋላ ሰልፍ ሠርቶ የቆመው ሠራዊት በሙሉ ጅል ይሆናል።

ጭሱም አለ። ጭስ የሌለው ባሩድ በፈረንሳይ የተፈለሰፈው በ1884 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ሻለቃ ሁለት ሦስት እሩምታ ከተኮሰ በኋላ ከፊቱ ያለውን ለማየት ይቸገር ነበር፤ ሰው በጓደኛው ላይ የተኮሰው፣ አዛዡን ያጣው፣ የድሉን ወሬ ከሰዓት በኋላ የሰማው ለዚህ ነው። ፊልሞቻችን የድሮን ጦር ሜዳ እንደ ጠራ ሰማይ ያሳዩናል፤ አዛዡ ከኮረብታ ላይ ሆኖ ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ያዝዛል። ከዚያ የተሳሳተውን አዛዥ ከሃዲ ወይም ደካማ ነው ብለን እንፈርድበታለን።

ወደ አገራችን ስመጣ ይህ ፍርድ የሚያርፍባቸውን ሰዎች በስም አውቃቸዋለሁ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሥር በአሮጌ ሜዳ የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከናፒየር ጦር ጋር ሲገጥም፣ የእንግሊዞቹ እግረኛ የያዘው ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር፣ እኛ ሲናድር ያልነውን ነበር። መሣሪያው በትልቅ ጦርነት ላይ የተፈተነው ያን ጊዜ ነው። የቴዎድሮስ ሰዎች በአፈሙዙ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበራቸው። እነሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲተኩሱ ከወዲያ አሥር ያህል ይተኮሳል። ከኢትዮጵያውያኑ ወደ 700 የሚሆኑ ሞቱ፤ ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት 2 ናቸው። የዚህን ቀን ፊልም የሚሠራ ሰው ለሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ተኩስ ከሰጠ፣ የ700 ሰው ሞት በምን ይብራራል? ወይ በክህደት፣ ወይ በወኔ ማጣት። የጦር አለቃው ገብርዬና ጓደኞቹ ቁልቁል የሮጡት ወደ ምን እንደነበር ማየት ያለብን ለእነሱ ክብር ስንል ነው። ንጉሡ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ የአውሮፓን የመሣሪያ ጥበብ ሲለምንና ሲያስገድድ፣ በጋፋት መድፍ ሲያስቀልጥ የኖረው ይህ ልዩነት እንቅልፍ ስለነሳው ነው፤ ልዩነቱ በፊልሙ ካልታየ የቴዎድሮስ ሕይወት ራሱ ምክንያት የለሽ እብደት ይሆናል።

ስለ ዓድዋ ከዚህ የባሰ ልማድ አለን። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ስንተርክ «በጦርና በጋሻ ዘመናዊ መሣሪያ የታጠቀን ጠላት» የምንለው ነገር አለ። በትምህርት ቤት ድራማ እናየዋለን፣ በየዓመቱ በሰልፉ ላይ እናየዋለን፣ የዓድዋን ፊልም የሚያልሙ ወጣቶች በዓይናቸው የሚስሉትም ይህንኑ ነው፤ ባዶ እግር፣ ጎፈር፣ ጋሻ፣ ከወዲያ የጣሊያን መትረየስ። በፍቅር የሚነገር ሐሰት ነው፣ ፍቅሩንም አልንቅም። ጦርና ጋሻ፣ ጎራዴም የያዘ ብዙ ሰው ነበር፤ እሱን መካድ ሌላ ሐሰት ይሆናል። ከሠራዊቱ የሚበዛው ግን ጠመንጃ ይዞ ነበር። ሬሚንግተን ነበረ፣ ውጅግራ ነበረ፣ ከዚያ የቀደሙ አሮጌዎችም ነበሩ፤ የሆችኪስ መድፎችም ነበሩ። ከወዲያኛው ወገን ደግሞ የጣሊያን ወታደር በአብዛኛው የያዘው አገሩ በ1891 የተቀበለውን አዲሱን ካርካኖ ሳይሆን የቀደመውን ቬተርሊ ነው። በነፍስ ወከፍ ጠመንጃ ረገድ ሁለቱ ወገኖች እንደምናስበው የተራራቁ አልነበሩም።

ይህ ድሉን ያሳንሰዋል የሚል ይኖራል። እኔ ደግሞ ጦርና ጋሻው ነው ያሳነሰው እላለሁ። ያ ጠመንጃ ከየት መጣ? ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. በጉንዴትና በጉራዕ ግብፆችን ድል ነስተው ሬሚንግተናቸውን ማረኩ። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ከፈረንሳይም ከጣሊያንም ነጋዴ ይገዙ ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ግጥም ከተወ በኋላ በ1879 ዓ.ም. ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ አሮጌ ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ በአፋር በረሃ በኩል ሸዋ ገባ፤ ምኒልክ በዋጋው ተከራክረው ካሰበው በታች ከፈሉት። በ1880 ዓ.ም. ጣሊያን ራሷ፣ ሸዋና ትግራይን ለማለያየት ስትል፣ በአንቶኔሊ በኩል 5 ሺህ ሬሚንግተን ለመስጠት ተዋዋለች። ከስምንት ዓመት በኋላ በገዛ ስጦታዋ ተመታች። ይህን የመሰለ ታሪክ በእጁ እያለ ጋሻ ብቻ የሚያሳየን አዘጋጅ የጣለብን የፖለቲካ ብልሃትን፣ ትዕግሥትን፣ የዓመታት ዝግጅትን ነው። ምኒልክንና ጣይቱን ሰማይ ከሚረዳቸው ምስኪኖች ተርታ አሰልፎ፣ ድሉን ተአምር አደረገው። አውሮፓውያን ሽንፈቱን ለማስረዳት በቁጥር ተዋጥን፣ በጭፍን ድፍረት ተጥለቀለቅን ሲሉ የኖሩትንም ሳያውቀው ደገመላቸው።

እውነቱ የማይመች ክፍልም አለው፤ እሱም ይታይ። ጠመንጃ በነጻ አይመጣም። በዝሆን ጥርስ፣ በወርቅ፣ በዝባድ፣ በቡና ተገዛ፤ የዚህ ብዙው የመጣው በዚያው ዘመን በጦር ከተያዙት የደቡብና የምዕራብ አገሮች ግብር ነው። መሣሪያው ግዛት አሰፋ፣ ግዛቱ መሣሪያ ገዛ። በዓድዋ ተራራ ላይ የተተኮሰውን ጥይት ዋጋ የከፈለው ገበሬ በፊልሙ ውስጥ ቦታ የሚያገኘው ጠመንጃው ቦታ ካገኘ ነው። ጋሻ ግን ከየቤቱ የተነሳ ስለሆነ ዋጋውን ማንም አይጠይቅም፤ ጦርና ጋሻው የሚወደደውም በከፊል ለዚህ ይመስለኛል።

ሠዓሊዎቻችን ከዚህ ሁሉ ነፃ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን አሣሣል ባህል የተሳሉትን የዓድዋ ሥዕሎች ተመልከቱ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ከላይ ሆኖ ሳለ ከሥሩ ኢትዮጵያውያኑ ጠመንጃ ደግነው ያነጣጥራሉ፣ መድፈኛው መድፉ አጠገብ ነው፣ እቴጌ ጣይቱ ብዙ ጊዜ በፈረስ ላይ ሆነው ሽጉጥ ይዘዋል። ጋሻውም ጎራዴውም በቦታው አለ። እነዚያ ሠዓሊዎች በአባቶቻቸው እጅ ጠመንጃ ማየት አላሳፈራቸውም። የሰማዩ ረዳትነትና የመሣሪያው ብዛት በአንድ ሸራ ላይ ሲቀመጡ አልተጣሉባቸውም። ካሜራ የያዘው ትውልድ ነው ሁለቱን ማስታረቅ ያቃተው።

«ገንዘብ የለንም» የሚለውን መልስ እሰማለሁ፤ ለአገራችን ፊልም ሠሪ እውነትም ከባድ ነው። አንድ ሺህ ውጅግራ ከየት ይመጣል? ነገር ግን አኪራ ኩሮሳዋ በ1954 በ«ሰባቱ ሳሙራይ» የተጠቀመው ሦስት ጠመንጃ ነው። መንደሩን የሚወሩት ሽፍቶች ሦስት እንዳላቸው ሰው ሁሉ ያውቃል። ከመንደሩ ጠባቂ ሳሙራዮች አንዱ፣ ኪዩዞ፣ ሌሊት ብቻውን ወጥቶ አንዱን ነጥቆ ይመጣል። ሌላው ጠባቂ ኪኩቺዮ ሁለተኛውን ለማምጣት የተመደበበትን ጥሎ ይሄዳል፤ ጥሎ በሄደበት ጠላት ይገባና ሰው ይሞታል። ሦስተኛው እስከ መጨረሻው ከሽፍቶቹ ጋር ይቀራል። በፊልሙ ውስጥ ከሚሞቱት አራት ሳሙራይ አንዳቸውም በሰይፍ አልሞቱም፤ አራቱንም የገደላቸው ጠመንጃ ነው። ያን ሁሉ የሰይፍ ጥበብ ካሳየን በኋላ ኩሮሳዋ የዘመኑን እውነት በሦስት መሣሪያ ነገረን። የትኛው ፕሮዲዩሰር ነው ሦስት ከእንጨት የተጠረበ ጠመንጃ ማሠራት የሚያቅተው? ጭስ ርካሽ ነው። የማጉረሻው 20 ሰከንድ ዝምታ ደግሞ ምንም አያስወጣም።

ሌላው መልስ የደህንነት ነው፣ ይህንንም በክብር ነው የምቀበለው። በጥቅምት 2021 በኒው ሜክሲኮ «ረስት» የተባለው የካውቦይ ፊልም ሲቀረጽ እውነተኛ ጥይት በጎረሰ ሽጉጥ የካሜራ ባለሙያዋ ሃሊና ሃቺንስ ሞታለች። ለአንድ ፊልም እውነተኛነት የማንም ነፍስ አይከፈልም። ነገር ግን እኔ የምጠይቀው ነገር የሚተኩስ መሣሪያ አይፈልግም፤ ባዶ ጥይትም አይፈልግም። ብልጭታው በኮምፒውተር ይሠራ፣ ድምፁ በኋላ ይግባ። ተዋናዩ ግን የያዘው ነገር ከተተኮሰ በኋላ ምን እንደሚያስፈልገው ይወቅ። እጁ ወደ ዝናሩ ይሂድ። ሲጨርስ መጨረሱ ፊቱ ላይ ይታይ።

ዝናር ካልኩ አይቀር፣ በዚያ ዘመን በአገራችን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ በገበያ መገበያያ ነበር፤ ሰው ዶሮና እህል ይገዛበታል። ስለዚህ በ1880ዎቹ ዓ.ም. ዝናሩን ሞልቶ የዘመተ ገበሬ ሀብቱን ወገቡ ላይ አስሮ ነው የሄደው። አንድ ጥይት በተኮሰ ቁጥር ከቤቱ የሚጎድል ነገር አለ። በፉከራ ላይ ወደ ሰማይ የሚተኩስ ሰው ሲታይ፣ ያ ተኩስ የሀብት ማሳያም ጭምር እንደነበር ተመልካቹ እንዲያውቅ የሚያደርግ አንድ ንግግር፣ አንድ የሚስት ቁጣ፣ አንድ የገበያ ትዕይንት ይበቃል። ይህ በመሣሪያ ግምጃ ቤት የሚፈታ ነገር አይደለም። ጽሑፉ ሲጻፍ ገና፣ ጸሐፊው እያንዳንዱን ባለ ጠመንጃ ገጸ ባሕርይ ስንት ጥይት እንዳለው፣ ከማን እንዳገኘውና ሲያልቅበት ምን እንደሚያደርግ ሊጠይቀው ይገባል። አሁን ግን የጠመንጃው ነገር የሚነሳው ጽሑፉ አልቆ፣ ተዋናዮች ተመርጠው፣ ልብሱ ተሰፍቶ ካበቃ በኋላ፣ ዕቃ አቅራቢው ያለውን ይዞ ሲመጣ ነው።